አንዲት «ሀ» 128 ኪሎባይት የምትይዘው ለምንድን ነው?

የእህቴ ልጅ ፕሮግራሚንግ ይማራል። ባለፈው ቅዳሜ ላፕቶፑንና አንድ 64 ጊጋ ፍላሽ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ይሄ ፍላሽ ቫይረስ አለበት» አለኝ ገና ከመቀመጡ። አልፈረድኩበትም። ፍላሽ ላይ ያልገባን ነገር ሲፈጠር ሁላችንም መጀመሪያ የምንከሰው ቫይረስን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላፕቶፑ ላይ አንድ የዌብ ፕሮጀክት አለው። ፎልደሩ 400 ሜጋ ነው። ፍላሹ ላይ 5 ጊጋ ባዶ ቦታ ነበረው። በማንኛውም ሒሳብ ይገባል። ኮፒ አድርጎ ተወው። ቡና ተፈልቶ፣ አቦሉ ተጠጥቶ፣ ቶናው ሲቀርብ ኮምፒውተሩ «ቦታ የለም» አለው። 400 ሜጋ 5 ጊጋውን ዋጠችው!

«ወይ ቫይረስ ነው፣ ወይ ፌክ ፍላሽ ነው የሸጡልኝ» አለ።

ሁለቱም አልነበረም። ላፕቶፑ ላይ ፎልደሩን ቀኝ ክሊክ አድርገን ፕሮፐርቲስ ገባን። እዚያ ሁለት መስመሮች አሉ። አንደኛው «ሳይዝ» ይላል። ከሥሩ ያለው «ሳይዝ ኦን ዲስክ»። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አይቶ ነው የሚዘጋው። እኛ ሦስተኛ ነገርም አየን፤ የፋይሎቹን ብዛት። ወደ 60 ሺህ ይጠጋል። ዌብ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ አንዲት ትንሽ ፕሮጀክት ከኋላዋ የምትጎትተው የላይብረሪ (ሌሎች ሰዎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ) ጭራ ማለቂያ የለውም። አብዛኛዎቹ ፋይሎች ደግሞ ከአንድ ገጽ ጽሑፍ አይበልጡም።

እዚህ ላይ ፍላሹን ትቼ አንድ ሙከራ አሳየሁት። እርስዎም ቤትዎ ሊያደርጉት ይችላሉ። ኖትፓድ ይክፈቱ። አንዲት «ሀ» ብቻ ይጻፉና ሴቭ ያድርጉ። የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8፣ ማለትም ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው የተለመደ ደንብ፣ ሲጻፍ እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ ፋይሉ 3 ባይት ነው። አሁን ያንኑ ፋይል ትልቅ ፍላሽ ላይ፣ በኤክስፋት (ፋይሎች ፍላሽ ላይ የሚደራጁበት አንድ ዘዴ ነው) ፎርማት የተደረገ 64 ጊጋ ላይ፣ ኮፒ አድርገው ፕሮፐርቲስ ይመልከቱ። ሳይዝ፦ 3 ባይት። ሳይዝ ኦን ዲስክ፦ 128 ኪሎባይት። በባይት ሲቆጠር 131,072 ነው። ከ43 ሺህ በላይ ፊደል የሚያኖር ቦታ ላይ አንዲት «ሀ» ብቻዋን ተንደላቅቃ ትኖራለች።

60 ሺህ ፋይል ሲባዛ በ128 ኪሎባይት ከ7 ጊጋ በላይ ይመጣል። 5 ጊጋ ውስጥ አይገባም። ቫይረሱ ነፃ ወጣ።

ቆይ፣ 128ን ማን ወሰነው? ላፕቶፑ ላይ እኮ ያው ፎልደር ዲስኩ ላይ የያዘው 500 ሜጋ ገደማ ነው። መልሱ ፓርቲሽኑ፣ ማለትም ፎርማት የተደረገው የዲስኩ ክፍል፣ ምን ያህል ትልቅ ነው ከሚለው ጥያቄ ጋር የተጋባ ነው።

የቀበሌው ቆርቆሮ

ዲስክን እንደ አንድ ቀበሌ አስቡት። ፓርቲሽን ማለት የቀበሌው መሬት ነው። ፎርማት ስናደርግ መሬቱ እኩል እኩል ይሸነሸናል። እያንዳንዱ ሽንሻኖ ብሎክ ይባላል፤ ዊንዶውስ ሰፈር ደግሞ ክላስተር ይሉታል። ፎርማት ሲያደርጉ «አሎኬሽን ዩኒት ሳይዝ» ብሎ የሚጠይቀው ይኸው ነው። እያንዳንዱ ቦታ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በር ላይ እንደምትለጠፈው የቤት ቁጥር ቆርቆሮ።

ሕጉ አንድ ነው። አንድ ቦታ ላይ ሁለት ባለቤት አይሰፍርም። ትልቅ ፋይል ሃያም ሺህም ቦታ ሊይዝ ይችላል። ትንሽ ፋይል ግን የቱንም ያህል ትነስ፣ ሙሉ አንድ ቦታ ትወስዳለች። 200 ካሬ ላይ ሱቅ በደረቴውን ይዞ የሚቆም ሰው ቢመጣ 200 ካሬው የሱ ነው። የተረፈውን ማንም አይነካበትም።

አሁን ዋናው ነገር። ቀበሌው ያሠራው ቆርቆሮ ሦስት አሃዝ ብቻ ይይዛል እንበል። ከ000 እስከ 999። አንድ ሺህ ቤት፣ በቃ። መሬቱ 100,000 ካሬ ከሆነ እያንዳንዱ 100 ካሬ ይደርሰዋል። መሬቱ በእጥፍ ቢሰፋስ? አንድ ሺህ አንደኛ ቤት መጨመር አይቻልም፤ የሚጻፍበት ቁጥር የለም። ያለው ምርጫ አንድ ነው፤ እያንዳንዱን ቦታ 200 ካሬ ማድረግ። መሬት በሰፋ ቁጥር ሽንሻኖው ይተልቃል። የነገሩ ሥር ይኸው ነው። የቀረው ማን ስንት አሃዝ ቆርቆሮ ነበረው የሚለው ታሪክ ነው።

የፈረንጆቹ 90ዎቹ ጉድ

ይህ ነገር ሰውን ያንገበገበው ዲስክ ፋት16 በሚባለው ዘዴ ፎርማት በሚደረግበት ዘመን ነው። ፋት16 የቦታውን ቁጥር የሚጽፈው በ16 ቢት፣ ማለትም 0 ወይም 1 በሆኑ 16 አሃዞች፣ ነው። 16 ቢት 65,536 ቁጥር ይሰጣል፤ ጥቂቶቹ ለራሱ ለሲስተሙ የተያዙ ናቸው። እና በጠቅላላው 65 ሺህ ገደማ ቦታ። ዲስኩ 100 ሜጋ ሲሆን ይህ ጭንቀት አልነበረም፤ 2 ኪሎባይት ክላስተር ይበቃዋል። ዲስኮች ሲያድጉ ግን ሽንሻኖው አብሮ መተለቅ ጀመረ። ከ128 ሜጋ ሲያልፍ 4 ኪሎባይት። ከ256 ሲያልፍ 8። ከ512 ሲያልፍ 16። 1 ጊጋን ሲሻገር 32 ኪሎባይት። በዶስና በዊንዶውስ 95 ከዚያ በላይ መሄድ አይቻልም። 65 ሺህ ሲባዛ በ32 ኪሎባይት 2 ጊጋ ነው። የፋት16 ፓርቲሽን ጣሪያው 2 ጊጋ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አስቡት። በዚያን ጊዜ 2 ጊጋ ዲስክ የገዛ ሰው የቀበጠ ሰው ነው። አምጥቶ በአንድ ፓርቲሽን ፎርማት ያደርገዋል። ፋይሎች በአማካይ የመጨረሻ ቦታቸውን ግማሽ ባዶ ይተዋሉ ብለን እንያዝ። 10 ሺህ ፋይል ካለው፣ እያንዳንዱ 16 ኪሎባይት ያባክናል፤ በድምሩ 156 ሜጋ ያህል። ከ2 ጊጋ ላይ! ያ ሰው ግን ዲስኩን አራት ቦታ ከፍሎ እያንዳንዱን 512 ሜጋ ቢያደርገው ክላስተሩ ወደ 8 ኪሎባይት ይወርዳል። ብክነቱም ወደ 39 ሜጋ። ምንም ሳይገዛ፣ ምንም ሳያጠፋ፣ ከመቶ ሜጋ በላይ ቦታ አገኘ። ያኔ ዲስክን ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ እያሉ መከፋፈል ጥሩ ምክር የነበረው አንድም ለዚህ ነው። ምክንያቱ ከሞተ ቆይቷል፤ ልማዱ ግን እስከዛሬ አለ። አሁንም ሰው አዲስ ላፕቶፕ ገዝቶ ዲስኩን ሦስት ቦታ ይቆርጠዋል። ለምን ሲባል «እንዲህ ነው የሚደረገው» ይላል።

እ.ኤ.አ. በ1996 በዊንዶውስ 95 ሁለተኛ እትም ፋት32 መጣ። ስሙ 32 ይበል እንጂ ለቁጥር የሚጠቀመው 28ቱን ቢት ነው። ያም ሆኖ 268 ሚሊዮን ቦታ ይሰጣል። ከ65 ሺህ ወደ 268 ሚሊዮን! ቆርቆሮው ሰፋ። እስከ 8 ጊጋ ያለ ፓርቲሽን 4 ኪሎባይት ክላስተር ያዘ።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ አንድ ነገር ይጠይቃል። ቁጥሩ ይህን ያህል ከተረፈ፣ ፋት32 ለምን ከ8 ጊጋ በላይ 8 ኪሎባይት፣ ከ16 በላይ 16፣ ከ32 በላይ 32 ኪሎባይት ያደርጋል? ቁጥር አልቆበት አይደለም። መዝገቡ ከብዶት ነው። ቀበሌው የቤቶቹን ዝርዝር የሚይዝ መዝገብ አለው፤ ፋት የሚባለው ራሱ ያ መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ቦታ እዚያ ላይ 4 ባይት መስመር አለችው፤ «ከእኔ ቀጥሎ የፋይሉ ክፍል ያለው እዚህ ቁጥር ላይ ነው» የምትል። 32 ጊጋን በ4 ኪሎባይት ብንሸነሽነው 8 ሚሊዮን ከምናምን ቦታ ይወጣዋል፤ መዝገቡ ብቻ 32 ሜጋ ይሆናል። ሁለት ቅጂ ነው የሚቀመጠው። የዚያን ጊዜ ኮምፒውተር ሙሉ ራሙ 16 ወይም 32 ሜጋ ነበር። በ16 ኪሎባይት ብንሸነሽነው ግን መዝገቡ ወደ 8 ሜጋ ይወርዳል።

ስለዚህ ትልቅ ፓርቲሽን ትልቅ ብሎክ የሚጠራበት ምክንያት ሁለት ነው። አንድም ቁጥር ያልቃል፣ አንድም መዝገቡ ያብጣል።

በነገራችን ላይ ፋት32 ላይ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ፊልም አልገባ ብሎ ያበሳጨው ሰው ብዙ ነው። ያ ከክላስተር ጋር አይገናኝም። የፋይሉ መጠን የሚጻፍበት ቦታ 32 ቢት ስለሆነ ነው። አሎኬሽን ዩኒቱን ቢቀያይሩት ለውጥ የለም።

አራት ኪሎ

ዛሬ የዊንዶውስ ላፕቶፖች ዲስካቸው ኤንቲኤፍኤስ በሚባል ዘዴ ነው ፎርማት የሚደረገው። እሱ 4 ኪሎባይትን ይዞ አይለቅም። 100 ጊጋ ይሁን 2 ቴራ፣ ዲፎልቱ (ካልነኩት ራሱ የሚመርጠው) 4 ነው። እንደ አዲስ አበቤ ሁሉም መንገድ አራት ኪሎ ያደርሰዋል። (አምስት ኪሎና ስድስት ኪሎ ግን በዚህ ከተማ የሉም። ብሎክ የሚያድገው በእጥፍ ብቻ ነው፤ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያለ።)

እሱም ግን ጣሪያ አለው። ቁጥሩን የሚይዘው በ32 ቢት ስለሆነ 4 ቢሊዮን ከምናምን ቦታ ነው ያለው። ሲባዛ በ4 ኪሎባይት 16 ቴራ ይሆናል። ከዚያ በላይ የሆነ ፓርቲሽን ሲመጣ ዊንዶውስ በዲፎልት ወደ 8 ኪሎባይት ይሄዳል፤ ከ32 ቴራ በላይ 16፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። የፋት16 ታሪክ ነው፤ ዜሮው ብቻ በዝቷል። ለቤት ሰው ይህ ሩቅ ነው። ሰርቨር ለሚያስተዳድር ሰው ግን ቅርብ ነው። ዛሬ 12 ቴራ ብሎ በ4 ኪሎባይት ፎርማት ያደረገ ሰው፣ ነገ ዲስክ ጨምሮ ፓርቲሽኑን ወደ 20 ቴራ ላሳድግ ቢል አይሆንለትም። ቆርቆሮው አልቋል። ዳታውን ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ አሽሽቶ እንደገና ፎርማት ማድረግ ነው ያለው። ስለዚህ ፎርማት ሲያደርጉ የዛሬውን ብቻ አይዩ።

ኤንቲኤፍኤስ አንዲት የምወዳት ጠባይ አለችው። ያችን የ«ሀ» ፋይል ላፕቶፑ ላይ ፕሮፐርቲሷን ቢያዩ፣ ሳይዝ ኦን ዲስክ ብዙ ጊዜ 0 ባይት ይላል። 3 ባይት ያለው ፋይል 0 ቦታ ያዘ! ምትሃት አይደለም። ለእያንዳንዱ ፋይል መዝገቡ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 1 ኪሎባይት የሆነ ገጽ አለው። ፋይሉ በጣም ትንሽ ከሆነ እዚያው ገጹ ላይ ይጻፍለታል፤ መሬት አይሰጠውም። ሱቅ በደረቴው ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ጥግ ተሰጠው ማለት ነው።

ወደ ፍላሹ ልመለስ። ከ32 ጊጋ በላይ ለሆኑ ፍላሾችና ሜሞሪ ካርዶች የተለመደው ኤክስፋት ነው። በዊንዶውስ ዲፎልት እስከ 256 ሜጋ ድረስ 4 ኪሎባይት፣ እስከ 32 ጊጋ 32 ኪሎባይት፣ ከዚያ በላይ 128 ኪሎባይት ነው። መሃል ላይ ሌላ ደረጃ የለም። ማለትም አንድ ሰው 32 ጊጋ ፍላሹን በ64 ቢቀይር፣ ትንንሽ ፋይሎቹ ዲስክ ላይ የሚይዙት ቦታ በአንድ ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል። ኤክስፋት ግን ቁጥር አላጠረውም፤ እንደ ኤንቲኤፍኤስ 32 ቢት ነው። ታዲያ ለምን? የታሰበው ለካሜራና ለቪዲዮ ስለሆነ ነው። 2 ጊጋ ቪዲዮ በ4 ኪሎባይት ከ524 ሺህ በላይ ቦታ ይይዛል። በ128 ኪሎባይት 16 ሺህ ከምናምን ይበቃዋል። ሲስተሙ የሚከታተለው ነገር ይቀንሳል። ፍላሽ ሜሞሪ በባሕርዩ በትልልቅ ጉማጅ መደምሰስና መጻፍ ስለሚወድም ይስማማዋል።

ለሙዚቃም ችግር የለውም። አንድ ዘፈን 4 ሜጋ ከሆነ፣ በ128 ኪሎባይት ክላስተር በአማካይ የሚባክነው 64 ኪሎባይት ነው። ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም። የታክሲ ሾፌር በፍላሹ ላይ ይህን ነገር ዕድሜ ልኩን ላያውቀው ይችላል። የተጎዳው የእህቴ ልጅ ነው፤ ለቪዲዮ በተሸነሸነ መሬት ላይ 60 ሺህ ሱቅ በደረቴ ላስፍር ያለው።

መታወቂያ ሲያልቅ

ሊኑክስ ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። የተለመደው የሊኑክስ ዘዴ ኢኤክስቲ4 በተለመደው አሠራሩ ከ512 ሜጋ በታች ለሆነ ፓርቲሽን 1 ኪሎባይት ብሎክ ይመርጣል፤ ከዚያ በላይ 4። ከዚያ በኋላ 10 ቴራ ቢሰጡትም 4 ላይ ይቆያል። እዚያ ጋ የሚያግደው የቁጥር እጥረት አይደለም። በተለመዱት የኢንቴልና የኤኤምዲ ኮምፒውተሮች ራም የሚከፋፈለው በ4 ኪሎባይት ገጽ ስለሆነና ኢኤክስቲ4 ለብዙ ዘመን ብሎክን ከገጹ በላይ ማድረግ ስላልቻለ ነው።

ሊኑክስ ላይ በፓርቲሽኑ መጠን የሚለዋወጠው ሌላ ነገር ነው፤ ኢኖድ። ኢኖድ ማለት የፋይሉ የቀበሌ መታወቂያ ነው። የማን ነው፣ የት ይኖራል የሚለው እዚያ ላይ አለ። ጉዱ ግን መታወቂያዎቹ ተቆጥረው የሚታተሙት ፎርማት በሚደረግበት ቀን ነው። በዲፎልት ለ16 ኪሎባይት መሬት አንድ መታወቂያ። 100 ጊጋ ከሆነ 6.5 ሚሊዮን። ከ4 ቴራ በላይ ሲሆን ለ32 ኪሎባይት አንድ፣ ከ16 ቴራ በላይ ለ64 ኪሎባይት አንድ። ትልቅ ዲስክ ትልልቅ ፋይል ይይዛል ብሎ ነው ግምቱ።

ግምቱ ሲሳሳት ሰርቨሩ «ዲስኩ ላይ ቦታ የለም» ይላል። ገብተው ሲያዩ ግማሹ ባዶ ነው። እኔን አንዴ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኛል። አንድ ፕሮግራም ትንንሽ የካሽ (ጊዜያዊ) ፋይሎችን ሳያጠፋ ሲያከማች ከርሞ መታወቂያውን ጨርሶታል። መሬት ሞልቷል፣ መታወቂያ የለም። ለአንድ ሰዓት ያህል ማጥፋት የሌለብኝን ፋይል ሳጠፋ ነበር። ቦታው እየጨመረ ስህተቱ አልጠፋም። በመጨረሻ ነው ኢኖድ ማየት ትዝ ያለኝ።

እና ምን ላድርግ?

ላፕቶፕ ከሆነ ምንም አይንኩ። ዲፎልቱ ልክ ነው። ብዙ ቪዲዮ ስላለኝ ብለው ሲስተሙ ያለበትን ድራይቭ በ64 ኪሎባይት ቢያደርጉት የሚያገኙት ፍጥነት አይታወቅዎትም። የሚያጡት ቦታ ግን ይታወቃል። በዚያ ላይ ኤንቲኤፍኤስ ከ4 ኪሎባይት በላይ ሲሆን የራሱ የተለመደ ፋይል ማመቂያ (ኮምፕሬሽን) አይሠራም። ትልልቅ ዳታቤዝ የሚያስተዳድሩ ሰዎች 64 ኪሎባይት ሲሉ ሊሰሙ ይችላሉ፤ እነሱ ለዳታቤዙ ብቻ የተለየ ድራይቭ አላቸው።

ከ4 በታችም አይውረዱ። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ብዙዎቹ ሃርድ ዲስኮች ራሳቸው ውስጣቸው የሚሠሩት በ4,096 ባይት ሴክተር (ዲስኩ በአንዴ የሚጽፈው ትንሹ ክፍል) ነው። ብሎኩን 1 ኪሎባይት ቢያደርጉት፣ ዲስኩ አንዷን ለመጻፍ አራቱን አንብቦ፣ አስተካክሎ፣ መልሶ ሊጽፍ ይችላል።

ፍላሽ ከሆነ ምን እንደሚጭኑበት ያስቡ። ፊልም፣ ዘፈን፣ ፎቶ ከሆነ እንዳለ ይተዉት። ብዙ ትንንሽ ፋይል ከሆነ ፎርማት ሲያደርጉ አሎኬሽን ዩኒቱን 4 ወይም 8 ኪሎባይት አድርገው ይምረጡ። ፎርማት ያለውን ሁሉ እንደሚያጠፋ አይርሱ፤ መጀመሪያ ያውጡ። ሽንሻኖውን ቤቶቹ ከተሠሩ በኋላ በቀላሉ መቀየር አይቻልም።

ለእህቴ ልጅ ግን ፎርማት አላደረግንም። ፎልደሩን ዚፕ አደረግነው። 60 ሺህ ሱቅ በደረቴ አንድ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ገቡ። ለቀበሌው አንድ ፋይል ሆኑ። ብክነቱም በመጨረሻዋ አንዲት ቦታ ላይ ብቻ ቀረ። ዚፑ ወደ 90 ሜጋ ወረደ፣ ኮፒው ከሁለት ደቂቃ በታች አለቀ።

«ላይብረሪዎቹን እኮ ጭራሽ አለመያዝ ይቻላል፤ ስትደርስ ከኢንተርኔት ታወርዳቸዋለህ» አልኩት።

«በማን ፓኬጅ፣ ጋሼ?» አለኝ ፍላሹን እየነቀለ።